«ሊኩይ ለሚዳ» በአማርኛ ምን ይባላል? ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ የአንድ ለአንድ ትምህርት ምን ይሠራል?

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ወደ ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ለማስተርጎም ነው። ይህን ሥራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባንክ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ቢቱአኽ ሌኡሚ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የምንሄደው እኛ ልጆቹ ነን። ወንድሜ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ሞራዋ በቀስታና በአክብሮት ረጅም ነገር ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሁለት ቃላት ጆሮዬ ላይ ቀሩ፤ «ሊኩይ ለሚዳ» እና «ኢቭሁን»። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አሉ?» አለችኝ።

ቃሉ በአማርኛ አልመጣልኝም። እውነቱን ለመናገር የዕብራይስጡንም ትርጉም በደንብ አላውቀውም ነበር። «ጭንቅላቱ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም፣ ይመርመር እያሉ ነው» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ለሞራዋ ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቤት ስንደርስ ቶፈሱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አልፈረመችም። «ልጄ እብድ አይደለም» አለች፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሳም።

ሞራዋ «እሺ» የሚለውን ሰምታ ተስማምተናል ብላ ነው የሄደችው። እኛ ቤት ግን ለአስተማሪ የሚባል «እሺ» አክብሮት እንጂ ስምምነት ላይሆን ይችላል። ወንድሜ ትክክለኛውን እርዳታ ያገኘው ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። አራት ዓመት አለፈው ማለት ነው። ዛሬ ያን ቀን ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። ነገ የታናሽ ወንድማችሁን፣ የእህታችሁን ልጅ፣ ወይም የራሳችሁን ልጅ ይዛችሁ እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

ዲስሌክሲያ ምንድነው?

ዲስሌክሲያ ከሊኩይ ለሚዳ ዓይነቶች አንዱ ነው። በአጭሩ፣ የተጻፈ ቃልን በትክክልና በፍጥነት ለይቶ ማንበብ፣ እንዲሁም በትክክል መጻፍ ላይ የሚታይ ችግር ነው። መነሻው አንጎል የቋንቋ ድምፆችንና ፊደላትን የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው። የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ የዓይን በሽታም አይደለም። እንደ አለካኩ ቢለያይም፣ ከመቶ ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ይታያል ይባላል። በየትኛውም ሕዝብ፣ በየትኛውም ቋንቋ አለ።

በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ ከጓደኞቹ በምንም አያንስም፣ ግን ማንበብ አልቻለም። ሲያስተምረው የነበረው መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ይሆን ነበር ብሎ መስክሮለታል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ወንድሜን አስታወሰኝ። አያታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነግሩንን ተረት እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ ቃል በቃል ይደግመው ነበር። ያንኑ ተረት ጽፋችሁ ብትሰጡት ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል።

ዲስሌክሲያ በቤተሰብ ይተላለፋል። ስለዚህ መርማሪዎች «በቤተሰባችሁ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ እኛ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አያቶቻችን ብዙዎቹ ማንበብ ያልቻሉት በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ውስጥ ትምህርት ቤት ስላልነበረላቸው ነው። ገበሬ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ታሪኩን፣ ጸሎቱን፣ የዘር ሐረጉን በቃል ይዘው ነው የመጡት። «አያቴ ማንበብ አይችሉም» ማለት በእኛ ቤት ስለ ዲስሌክሲያ ምንም አይነግረንም። ለጥያቄው መልስ ስትሰጡ ይህንን መጨመር አለባችሁ። የሚጠቅመው ጥያቄ «ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እንደሌሎቹ ተምሮ፣ ግን ማንበብ ያልሆነለት አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ አለ ወይ?» የሚለው ነው።

ዕብራይስጥ ለምን ይከብዳል?

እናታችሁ ወይም አባታችሁ አማርኛ የሚያነቡ ከሆነ በዚህ ምሳሌ ልታስረዷቸው ትችላላችሁ። በፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ፤ ቅርጹን ያየ ድምፁን ያውቃል። አሁን ሰባቱንም ቤት በሳድስ ብቻ እንጻፍ እንበል። «ልጁ ዳቦ በላ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ልጅ ድብ ብል» ይሆናል። ዳቦው ድብ ሆነ፤ የበላውም ብል ሆነ። ትክክለኛውን ለማግኘት ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኒኩድ የሌለው ዕብራይስጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዩድና ቫቭ ትንሽ ይረዳሉ እንጂ አብዛኛው አናባቢ አይጻፍም። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉት ሦስት ፊደላት አንድ ላይ ሲሆኑ ሴፈር (መጽሐፍ)፣ ሳፓር (ፀጉር አስተካካይ)፣ ሲፔር (ተረከ)፣ ሳፋር (ቆጠረ) ሊነበቡ ይችላሉ። በዚያ ላይ ቤትና ካፍ፣ ዳሌትና ሬሽ በቅርጽ ይመሳሰላሉ።

ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚማሩት በኒኩድ ነው። ኒኩድ ያለው ጽሑፍ ሕጉ ግልጽ ስለሆነ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅም ብዙ ጊዜ እየተጎተተም ቢሆን በትክክል ያነባል። የሚታየው ምልክት ከስህተት ይልቅ ዝግታ ነው፤ ስለዚህም ይታለፋል። ወደ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደረስ ኒኩዱ ይቀራል፣ ጽሑፉ ይረዝማል፣ የታሪክም የሳይንስም ትምህርት በማንበብ ይሆናል። «እስከ አምና ደህና ነበር፣ ዘንድሮ ምን ነካው?» የሚባለው ያኔ ነው። ምንም አልነካውም። ተሸፍኖ የነበረው ነገር ነው የወጣው።

ቋንቋ ነው ወይስ ዲስሌክሲያ?

ይህ ጥያቄ ለማህበረሰባችን ቀላል አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከመጡት ልጆች ብዙዎች በማያውቁት ቋንቋ፣ በማያውቁት ዓይነት ፈተና ተለክተዋል። እርሳስ ይዞ ወረቀት ላይ ቅርጽ ማዛመድን ጭራሽ አይቶ የማያውቅ ልጅ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያመጣ ነጥቡ እንደ ችሎታው ተቆጠረ። ከቁጥራችን በላይ ልጆቻችን ሂኑኽ ሜዩኻድ ውስጥ መገኘታቸው የታወቀ ነው። እናቴ ቶፈሱን መሳቢያ ውስጥ ስትከተው ምክንያት ነበራት። የጎረቤት ልጆች ላይ የሆነውን አይታለች።

እዚሁ አገር ለዚህ መልስ የፈለጉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ኢየሩሳሌም ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሬውቬን ፎየርሽታይን (1921–2014) አንድን ልጅ በአንድ ፈተና ነጥብ መመዘን ትክክል አይደለም ይሉ ነበር። ፈትነው፣ አስተምረው፣ እንደገና ፈትነው፣ ምን ያህል እንደተለወጠ ማየት ነው የሚሻለው። በ1999 የታተመ የዳዊድ ጹሪኤልና የካውፍማን ጥናት አንደኛ ክፍል ያሉ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን ከአገሩ ተወላጆች ጋር አነጻጽሯል። በመጀመሪያው ፈተና ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ ከአጭር የማስተማር ጊዜ በኋላ ግን በጣም ጠበበ። ልጆቹ የጎደላቸው ልምምድ ነበር ማለት ነው።

ታድያ እንዴት እንለያለን? ቀላሉ መነሻ ይህ ነው። ለልጁ አንድ ታሪክ አንብቡለት፣ ከዚያ ጠይቁት። ሲነበብለት የሚገባው፣ ራሱ ሲያነብ ግን የሚጠፋው ከሆነ ችግሩ ምናልባት ማንበቡ ላይ ነው። ፈጥኖና በትክክል እያነበበ ምን እንዳነበበ ካልገባው ደግሞ ምናልባት የቃላት እጥረት ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ሁለተኛው መለኪያ ወንድምና እህት ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቋንቋ አድገው ሌሎቹ በጊዜው ካነበቡ፣ «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚነገር ነው» የሚለው ምክንያት አይበቃም። ሦስተኛው ትርጉም የሌለው ቃል ነው። መርማሪዎች የፈጠራ ቃል በኒኩድ ጽፈው ያስነብባሉ፤ ያንን ለማንበብ የቃላት ብዛት አያስፈልግም፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሁሉም በፊት ግን የልጁ ዓይንና ጆሮ ይታይ።

ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አትርሱ። ድሮ ያልነበረ ችግር ተለጥፎብናል። ዛሬ ደግሞ ያንን በመፍራት ያለውን ችግር ስንሸፍን ልጁ ሳይማር ይቀራል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

ሦስት ነገሮች፣ ሦስት ሥራ

ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ያምታታል። የኔ ቤተሰብ ዓመታት የጠፋበት በከፊል በዚህ ነው።

አንደኛው ኢቭሁን ነው። ይህ ምርመራ ነው። ዲዳክቲ የሚባለው ማንበብን፣ መጻፍንና ሒሳብን ያያል፤ ፕሲኮ ዲዳክቲ የሚባለው ላይ ሳይኮሎጂስትም ይጨመርበታል። ምርመራው ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ይናገራል እንጂ ማንበብ አያስተምርም። በግል ሲሠራ ከአንድ ሺህ ሸቀል በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያቀርብ፣ የኩፓት ሆሊማችሁ ተጨማሪ ኢንሹራንስም ቅናሽ እንዳለው ጠይቁ።

ሁለተኛው ሃትአሞት ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ፣ የፊደል ስህተት አለመቁጠር፣ ጥያቄው ተነቦለት መፈተን። ይህ ለፍትሕ ያስፈልጋል። የታሪክ ፈተና ታሪክን እንጂ የንባብ ፍጥነትን መለካት የለበትም። ግን ለባግሩት 25 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ የተሰጠው ልጅ ማንበብ ካልተማረ፣ የሚያገኘው ለመቸገር ተጨማሪ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ሆራአ መታከኔት ነው። ማንበብ የሚያስተምረው ይህ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ የሠለጠነች ሞራ ልጁን ለብቻው፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው፣ የጎደለውን ከሥሩ ጀምራ የምታስተምርበት ነው። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን አግኝቶ፣ ሃትአሞቱን አስፈቅዶ፣ እዚያው ላይ ያቆማል። ዋናው ነገር ሳይጀመር ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። ለኢቭሁን መፈረም ለሂኑኽ ሜዩኻድ መፈረም አይደለም። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ በመደበኛ ክፍላቸው ሆነው ነው የሚረዱት። የልዩ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1988 ነው፤ በ2018 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ደግሞ አንድ ልጅ መብቱ በኮሚቴ ከተወሰነ በኋላ የማዕቀፉን ዓይነት በመርህ ደረጃ የሚመርጡት ወላጆች ናቸው። ወላጆች ኮሚቴው ፊት ቀርበው የመናገር መብት አላቸው። እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ የዚያን ቀን ትፈርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በትምህርቱ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የአንድ ለአንድ ትምህርት ሲባል የቤት ሥራ ማሠራት ይመስለዋል። በየሰፈሩ ከትምህርት በኋላ የሚረዱን ተማሪዎችና የሼሩት ሌኡሚ ልጆች ነበሩ፤ ውለታቸው አይረሳም። ግን ልብ በሉ፣ የቤት ሥራ ሲሠራ ጥያቄውን የሚያነበው ረዳቱ ነው። ሥራው ያልቃል፣ ልጁ ግን ማንበብ አልተለማመደም።

ሆራአ መታከኔት የሚጀምረው ከስህተቱ ነው። ሞራዋ ልጁ ሲያነብ ትሰማለች፣ ትጽፋለች። ምክንያቱም ዲስሌክሲያ አንድ ዓይነት አይደለም። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናዓማ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ በዕብራይስጥ ላይ ብዙ ዓይነቶችን ለይተው አሳይተዋል። አንዳንዱ ልጅ በቃሉ መካከል ያሉ ፊደላት ቦታ ይለዋወጡበታል፤ በአማርኛ ብናስበው «ተመከረ» የሚለውን «ተከመረ» ብሎ እንደማንበብ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ፊደሎቹን በጣት እየተከተሉ ማንበብ ይረዳል። ሌላው ልጅ ደግሞ የጎረቤት ቃል ፊደል ወደዚህኛው ይሰደድበታል። ለእሱ ካርቶን ላይ መስኮት ቀዶ አንድ አንድ ቃል ብቻ እያሳዩ ማስነበብ ይጠቅማል። ሦስተኛው ፊደሉን ያውቀዋል፣ ድምፁን ግን ማያያዝ ያቅተዋል። ሦስቱም «ማንበብ ያቅታቸዋል»፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህን ለይቶ መስማት አይቻልም። የአንድ ለአንድ ጥቅሙ የመጀመሪያው ይህ ነው።

አንድ የ45 ደቂቃ ትምህርት እንዲህ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያለ ወረቀት፣ በጆሮ ብቻ፤ «ሻሎም ከሚለው የመጀመሪያውን ድምፅ ብናወጣ ምን ይቀራል?» ቀጥሎ ባለፈው የተማሩትን መከለስ። ከዚያ አንድ አዲስ ነገር፣ አንድ ብቻ፤ ለምሳሌ ዳሌትና ሬሽን መለየት። ልጁ ያየዋል፣ ድምፁን ያወጣል፣ በጣቱ ይጽፈዋል። ቀጥሎ ያንኑ በቃላት ውስጥ፣ ከዚያ በአጭር ጽሑፍ ውስጥ ማንበብ። ተመሳሳዩን አጭር ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ፍጥነት ያመጣል። መጨረሻ ላይ ሞራዋ የሆነ ነገር ታነብለታለች፣ እንዲደሰት። በዓይን፣ በጆሮና በእጅ፣ ደረጃ በደረጃ የማስተማሩ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና አስተማሪዋ አና ጊሊንግሃም አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሠሩበት ነው።

ለትልልቅ ልጆች ሥርወ ቃል ብዙ ይረዳል። ዕብራይስጥም እንደ አማርኛ በሾሬሽ የሚሠራ ቋንቋ ነው። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት ከአንድ ሥር እንደሚወጡ፣ ካታቭ፣ ሚኽታቭ፣ ካታቫ፣ ክቲቫ የሚሉትም ከአንድ ሥር ናቸው። ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያገኛት ሞራ በዚህ ነው የጀመረችለት። ቃሉን ፊደል በፊደል ከመታገል ሥሩን መፈለግ ሲለምድ ረጃጅም ቃላት መፍራቱን ተወ። ከእናታችን አማርኛም ሥር እየፈለገ ሲያመጣ እሷም መሳቅ ጀመረች።

ሁለተኛው የአንድ ለአንድ ጥቅም ኀፍረት ነው። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብብ ሲባል ሆዱን የሚያመው፣ ሽንት ቤት የሚሄድ፣ ወይም ሆን ብሎ ረብሾ የሚባረር ልጅ አይታችሁ ይሆናል። «ጥጋበኛ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ከማንበብ እየሸሸ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ መሳሳት ይቻላል። ሳይሳሳት የተማረ የለም።

ለብቻ መሆን ብቻውን አይበቃም

የአንድ ለአንድ ትምህርት አስማት አይደለም። ዘዴውን ከማያውቅ ሰው ጋር ለብቻ ከመቀመጥ፣ ዘዴውን ከምታውቅ ሞራ ጋር ተመሳሳይ ችግር ካላቸው ሁለት ልጆች ጋር መቀመጥ ይሻላል። ልዩነት የሚያመጡት ሙያው፣ ግልጽ የሆነ ቅደም ተከተል፣ መደጋገምና መቋረጥ የሌለበት ጊዜ ናቸው። በወር አንዴ ከሆነ ልጁ በመካከል ይረሳዋል። ባለ ቀለም መነጽርና የዓይን ልምምድ ዲስሌክሲያን ያድናሉ የሚሉ ማስታወቂያዎችም አሉ፤ ለዚህ አስተማማኝ ማስረጃ ስለሌለ ገንዘባችሁን ለትምህርቱ አውሉት።

ቶሎ መጀመር ይሻላል። ትንሽ የሚያነብ ልጅ ልምምዱ ያንሳል፤ ልምምዱ ሲያንስ ቃላቱም እውቀቱም ያንሳል፤ ልዩነቱ በየዓመቱ ይሰፋል። ሆኖም «አልፎበታል» የሚባል ዕድሜ የለም። ዲስሌክሲያ አይጠፋም፤ ማንበብ ግን ይሻሻላል።

ስብሰባው ላይ ምን እንጠይቅ?

እናንተ ናችሁ የምታስተረጉሙት፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊትም ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው፤ ስብሰባው የእነሱ ነው።

1. የሚያስተምረው ማነው? በሆራአ መታከኔት የሠለጠነ ነው ወይስ የቤት ሥራ ረዳት?
2. በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ወይስ በቡድን?
3. ልጁ ሲያነብ ምን ዓይነት ስህተት ነው የሚሠራው? ምሳሌ አሳዩን።
4. ምርመራው ሲሠራ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ታስቦበታል?
5. ለትምህርቱ የሚወጣው ከየትኛው ሰዓት ላይ ነው? ስፖርት ወይም ሥዕል የሚወድ ልጅ ከዚያ ላይ ቢወሰድ ትምህርቱን እንደ ቅጣት ያየዋል።
6. ከሦስት ወር በኋላ ምን እንዲችል ነው የምትፈልጉት? መቼ ተገናኝተን እናያለን?

የተባለውን ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ በሌላ ቃል ንገሪኝ» በሉ። ይህ ነውር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሜጋሼር ካለው እንዲገኝ ጠይቁ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያስተረጉም መደረግ አልነበረበትም። ወላጆቻችሁ «እሺ» ካሉም በኋላ ቤት ስትገቡ «እውነት ተስማምተሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነገሩ የራሳችሁ ከሆነስ?

ይህን ስታነቡ «ይሄ'ኮ እኔ ነኝ» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጽሑፍ ሦስቴ ካላነበባችሁ የማይገባችሁ፣ ከመጻፍ ይልቅ ድምፅ መቅዳት የምትመርጡ። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ባሉ ተቋማት ለሚማሩ ሊኩይ ለሚዳ ላለባቸው ተማሪዎች በ2008 የወጣ ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ለትልልቅ ሰዎች የተዘጋጀ «ማታል» የሚባል የምርመራ ስብስብም አለ። ወደ ማዕከሉ ስትሄዱ የምትጠይቁት ያንኑ ነው፤ ሃትአሞት ብቻ ሳይሆን የሚያስተምረኝ አለ ወይ?

ለእናቴ እንዴት ላስረዳት?

ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል እያለ ሌላ ቶፈስ መጣ። እኔ ያኔ ትንሽ አድጌ፣ ጠይቄ ነበር የገባሁት። እናቴ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ምን አሉ?»

«እማዬ፣ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፤ እንደውም ጎበዝ ነው ነው ያሉት። ግን ፊደልን ከድምፅ ጋር ማያያዝ ላይ ይቸገራል። ከመቶ ልጅ አምስቱም አሥሩም እንዲህ ናቸው፣ ፈረንጁም ጥቁሩም። የተማረችበት ሞራ አለች፣ ለብቻው አስቀምጣ ታስተምረዋለች። ከክፍሉ አይወጣም። አንቺ ካልፈቀድሽ ወደ ሌላ ቦታ አይወስዱትም» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ይሄን ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀች። ወንድሜ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ዓመት ተማረ። ዛሬም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ረጅም ነገር ሲሆን በጆሮው ያዳምጣል። ባግሩቱን ጨርሷል። ባለፈው ፋሲካ ሃጋዳው ሲነበብ ተራው ደርሶ ገጹን እንደሌላው ሰው አነበበ፤ እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ቆማ ሰማችው።

እኔ ቃሉን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ አሁን አላችሁ፤ ስብሰባው ሲመጣ ተጠቀሙበት።